የሸረሪቷ እናት

የማንም ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣሪያው ነው። ውጭ አገር፣ ካርኮቭ ስማር አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ምን ጠፋብሽ እዚያ ላይ?» ትለኝ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ጣሪያ ነጭ ሲሚንቶ ነው፤ አይነፋም፣ አይረግብም። ለሰባት ዓመት ከሥሩ ተኝቼ አንድ ቀን እንኳ አላመንሁትም።

የእኛ ቤት ጣሪያ ይተነፍስ ነበር።

ባሕር ዳር፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት። አባቴ አስናቀ የወሎ ሰው ነው፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክነት ተቀጥሮ መጥቶ እናቴን ሙሉነሽን እዚሁ አገባ። ኮርኒሳችን ከፋብሪካው በቅናሽ የገዛው አቡጀዲ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥሮ በምስማር መትቶታል። የሐይቁ ነፋስ በቆርቆሮው ሥር ሲገባ አቡጀዲው እንደ ሆድ ይነፋል፤ ሲወጣ ይረግባል። ያን ዓመት ግን ነፋስ በሌለበት ቀትርም መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ ያኔ ገና አንደኛ ክፍል ነኝ።

ሸረሪቷ የወረደችው ከዚያ ነው። ምሳ እየበላን ሳለ ከኮርኒሱ ትንሽ አቧራ ረገፈና እሷም አብራ ሬዲዮኑ ላይ ወደቀች። ከምስር ፍሬ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ግራጫ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር አላት። ልነካት ስጠጋ አልሸሸችም። ዞር ብላ አየችኝ። ሸረሪት ዞር ብላ ሰው ስታይ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናቴ ጫማዋን አወለቀች።

«እማዬ አትግደያት! እያየችኝ እኮ ነው!»

እናቴ ጫማዋን እንዳነሣች ቀና ብላ አቧራው የረገፈበትን ቦታ አየች። ከዚያ እኔን አየች። እኔም አብሬያት ወደ ላይ አንጋጥጬ ነበር። ጫማውን ቀስ ብላ አወረደችው።

«እሺ፣ ያዣት» አለች። «ጠርሙስ እሰጥሻለሁ። ግን ወደ ታች አጎንብሰሽ ነው የምትጫወቺ፤ ወደ ላይ መንጋጠጥ አንገት ያጣምማል።»

የማርማላታ ጠርሙስ ሰጠችኝ። አባቴ በአቡጀዲ ቁራጭ አፉን ሸፍኖ በፋብሪካ ክር አሰረልኝ። እናቴ ሸረሪቷን የወደደችልኝ መሰለኝ። ለብዙ ዓመት እንደዚያው ሲመስለኝ ኖረ። እናቴ የፈለገችው ወደ ታች የምታይ ልጅ ነበር።

ሸረሪቷ ግን ግራ አጋባችኝ። ድር አትሠራም። በየማለዳው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ አያለሁ፤ ምንም የለም።

«እማዬ፣ ይቺ ምን ዓይነት ሸረሪት ናት?»

«ሸረሪት ናት፤ ምን ዓይነት ትሆን።»

«ሸረሪት ከሆነች ድሯ የታለ?»

«እኔ ምን አውቄ! ነገ ጠይቂኝ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ትምህርቱን በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ነው የነገረችኝ፦ «ዓይኗን ቁጠሪ። ስምንት ከሆኑ፣ ከስምንቱም የፊቶቹ ሁለቱ ትልልቅ ከሆኑ፣ ዘላይ ናት ማለት ነው። ዘላይ ድር አታደራም። እንደ ድመት አድብታ፣ ዘልላ ነው የምትይዝ።»

ጠርሙሱን አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ ቆጠርሁ። ሁለቱ የፊቶቹ እንደ አውቶቡስ መብራት ትልልቅ ናቸው። ሌሎቹን ለመቁጠር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ስትዞር እየጠፉብኝ እንደገና እጀምራለሁ። ስምንት ናቸው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው እስከ «መ» ድረስ ነበር። ከዚያ በኋላ አባቷ ሞቱና ተወችው። ግን ስለ ሸረሪት የማታውቀው አልነበረም፤ በማግስቱ እስከሆነ ድረስ። ውኃ እንዴት ልስጣት ብዬ ስጠይቅ በማግስቱ «በጥጥ አርሰሽ፤ በሰሃን ከሆነ ትሰምጣለች» አለችኝ። ዝንብ ከነሕይወቱ እንጂ የሞተ እንደማትበላ ነገረችኝ። የሐይቁ ትንኝ እንደሚበቃትም እንዲሁ። አንድ ቀን ሸረሪቷ ዝንብ ልትይዝ ዘልላ ስታ ከጠርሙሱ አፍ ቁልቁል ተንጠልጥላ ቀረችና ደንግጬ ጮኽሁ። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ «ከመዝለሏ በፊት ክሯን ታስራለች። ብትስት እንዳትወድቅ። ብልህ ሁሌም ክሩን አስሮ ነው የሚዘል።»

«ከየት አወቅሽው እማዬ?»

«ሰው ሲኖር ያውቃል።»

ይህን ሁሉ ስሰማ የማዝነው አንድ ነገር ነው፤ ክንዱ ይህን ሳያይ መሄዱ። ክንዱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኮሌጅ ይማር የነበረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጫንቃው ተሸክሞኝ ሐይቁ ዳር የሚወስደኝ፣ ከደንገሉ መሐል ያገኘውን ነፍሳት ሁሉ በክብሪት ቀፎ የሚይዝ አጎቴ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ የለም። «አዲስ አበባ ሄደ» አሉኝ። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተቀይሜው ነበርና ስሙ ሲነሣ ጆሮዬን እይዛለሁ። ስሙ ደግሞ ብዙም አይነሣም ነበር።

ከላይ ድምፅ ሲሰማ እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። አንድ ቀትር ላይ ግን ባትሪው አልቆ ነበርና አቡጀዲው ከጥግ እስከ መሐል ሲንቀሳቀስ በግልጽ ሰማሁ።

«እማዬ፣ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

እናቴ እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን መልሳ አስቀመጠች።

«እናቷ ናት» አለችኝ።

«የማን?»

«የሸረሪትሽ ናታ። ልጇን እንዴት እንደያዝሽባት ታያለች። ዓይን አትወድም፤ ወደ ላይ አንጋጥጠሽ አታስቆጪያት። ለሰው ብትነግሪ ደግሞ ልጇን ይዛ ትሄዳለች፤ ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሁለት ሸረሪቶች ጋር ነበር የምኖረው። አንዷ ጠርሙስ ውስጥ፣ አንዷ እኔን የምታህል፣ ምናልባትም ከእኔ የምትበልጥ፣ ከአቡጀዲው በላይ። ፈራኋት፤ ግን እናት ናትና አዘንሁላት። እናቴ ጓሮ ስትወጣ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ፣ ሪፖርት አቀርብላት ነበር። «እመቤት ሸረሪት፣ ልጅሽ ዛሬ ሁለት ዝንብ በልታለች። አንዱ ሰነፍ ነበረ። ደኅና ናት፤ አታስቢ።» አንድ ጊዜ እንዲህ ስላት አቡጀዲው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራ ፊቴ ላይ ረገፈ። ተቆጣች ብዬ አልጋው ሥር ገባሁ።

ያ መንቀጥቀጥ ሳቅ ነበር። ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

እራት ላይ አባቴና እናቴ ስለ እንጨት ብቻ ያወራሉ። እንጨት የሚያመጣልን ቢያዝን የሚባል የዘጌ ሰው ነው፤ በታንኳ ጭኖ ገበያ ቀን ይመጣል።

«ቢያዝን ምን አለ?» ይላል አባቴ።

«ነፋሱ ይመለስ አለ። እሱ እስከ ደቅ ደሴት ያደርሳል፤ ከዚያ ማዶ ጎርጎራ የሚያደርስ ሌላ ዘመድ አለው።»

«መድረሱን በምን እናውቃለን?»

«አንድ ነገር ይዞ ይሂድና ይመለስልን። ወረቀት አይሆንም።»

እንጨት ጎርጎራ ድረስ ምን ይሠራል ብዬ ገርሞኛል። ግን የትልልቆች ወሬ እንዲህ ነው፤ አልጠየቅሁም።

አሳሾቹ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አራት ናቸው። መሪያቸው ካፖርት የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ የማላውቀው ሰው ነው። ሁለቱ ጠመንጃ የያዙ እንግዶች ናቸው። አራተኛውን ግን አውቀዋለሁ፤ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ አለበል ነው። ከክንዱ ጋር ሁለተኛ ደረጃ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ በእኛ ትሪ ስንት ጊዜ የበላ። ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ሰላም አይለንም።

«አለበል፣ ልጄ፣ እንዴት አደርህ?» አለችው እናቴ።

«ደኅና» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

አልጋውን ገለበጡ። የጤፉን ጆንያ በሳንጃ ወጉት፤ ጤፉ መሬት ላይ ፈሰሰ። አባቴ ፋብሪካ ነው። እኔ ጠርሙሴን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ ባለካፖርቱ።

የጠየቀኝ ሰው አልነበረም እስከዚያ ቀን። ሁሉንም ነገርሁት። ዘላይ እንደሆነች፣ ስምንት ዓይን እንዳላት፣ ድር እንደማታደራ፣ ውኃ በጥጥ እንደምትጠጣ። «ከመዝለሏ በፊት ደግሞ ክሯን ታስራለች፤ ብትስት እንዳትወድቅ። ብልህ ሁሌም ክሩን አስሮ ነው የሚዘል።»

ጆንያዎቹ ላይ ያጎነበሰው አለበል ቀና አለ።

«ማን ነው ይህን የነገረሽ?»

«እማዬ።»

አለበል እናቴን አያት። ከገባ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ያን ጊዜ መጀመሪያው ነው። እናቴም አየችው። እኔ ሁለቱ ሊጣሉ ነው ብዬ ፈራሁ። ያኔ ነው ከላይ አንድ ጣውላ ሲጥ ያለው።

ባለካፖርቱ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ።

«ወደ ላይ አትዩ!» ብዬ ጮኽሁ። «እናቷ ትቆጣለች!»

«የማን እናት?»

«የሸረሪቷ። ትልቅ ናት። ስትንቀሳቀስ ኮርኒሱ ይነፋል።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ እንደ ዱቄት ነጥቷል። ባለካፖርቱ ከጠመንጃ ያዦቹ ለአንዱ በአገጩ ኮርኒሱን አሳየው።

«ውጋው።»

«እኔ አለሁ» አለ አለበል። የራሱን ጠመንጃ በሳንጃው ቀና አድርጎ ከበሩ እስከ ጓዳው ኮርኒሱን በዓይኑ ለካው። ድምፁ የመጣው ከጓዳው በኩል ነበር። እሱ ግን «ከዚህ ነው የሰማሁት» ብሎ ወደ በሩ ጥግ ሄደና ወጋው። አቡጀዲው ተተረተረ። የስንት ዓመት አቧራ፣ የአይጥ ፋንድያ፣ የሞተ ዝንብ፣ አሮጌ ድር፣ ሁሉ እላዩ ላይ ወረደ።

«ሸረሪት!» ብሎ ጮኸ አለበል። «ኧረ አንገቴ ውስጥ ገባች! ኧረ የሰው ያለህ!»

ጠመንጃውን ጣለ። የሸሚዙን ቁልፍ በጠሰ። አንገቱን በጥፊ እየመታ፣ እየዘለለ፣ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ወደ ግቢ ወጣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጠመንጃ ያዦቹ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ባለካፖርቱም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ወይ አብዮት ጠባቂ! ጠላት ሲጠፋ ሸረሪት ጣለው! አንተ፣ ሱሪህን አየው እስቲ፣ ደርቋል?»

እየሳቁ ወጡ። አለበል ጠመንጃውን ሊያነሣ ተመልሶ ገባ። ሲያልፍ ማንንም አላየም።

እናቴ የፈሰሰው ጤፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግን ያን ቀን የባሕር ዳር ንግሥት ነበርሁ። ሸረሪቴ ባለጠመንጃ አባረረች! የእናቷን ነገር ደብቄ የቀረውን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነገርኋቸው። ባለካፖርቱም ለቀበሌው ሁሉ ነግሮት ኖሯል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አለበል ስሙ ጠፋ። ልጆች በሄደበት እየተከተሉ «ሸረሪቱ! አንገትህን!» ይሉታል። አይመልስላቸውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጎረቤታችን እትዬ የብርጓል ጉልበቷን ልትታጠብ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ስትሄድ እናቴ እኔንም አስከተለችኝ።

«ምኔን ነው የምታጠበው?» አልሁ።

«ሽፍታሽን።»

«ሽፍታ የለኝም እኮ።»

«ሳይመጣ ነው የሚታጠቡት» አለችኝ እትዬ የብርጓል፣ እየሳቀች። መልካም ሴት ነበረች። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ በተረት ወሰደችኝ። እኔ ስለ ጥጡና ስለ ትንኙ ለእናቴ አደራ ብዬ ነበር። ስመለስ የተቀደደው ኮርኒስ ተሰፍቷል። መስኮቱ ላይ ጠርሙሱ የለም።

«እናቷ ወሰደቻት» አለች እናቴ።

«ከነጠርሙሷ?»

«ከነጠርሙሷ። ጠርሙሱን ትመልሳለች።»

መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስሁ። ለማንም አልተናገርሁም ብዬ ማልሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ጠራኋት፤ ኮርኒሱ ዝም። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ካልነካው አልተነፈሰም።

በዚያው ሳምንት የእትዬ የብርጓልን ልጅ ወሰዱት። የማስታውሰው ጩኸቷን ነው። ሌላው ሁሉ በሩ ተዘግቶብኝ የሰማሁት ነው። ከወሰዱት መካከል አለበል ነበረበት አሉ።

ጠርሙሱ የመጣው እኔ ተስፋ ከቆረጥሁ በኋላ ነው። ቢያዝን እንጨቱን ግቢ ውስጥ አራግፎ ከሸክሙ መሐል በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«እቃሽን እንኪ፣ እቴ ሙሉ» አላት። «ባዶ ነው።»

እናቴ ቅጠሉን ገለጠች። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው፤ እኔ ጠዋት ጠዋት እንደማደርገው። ከዚያ ሳመችው። ተንበርክካ እንደ ሕፃን አቅፋው አለቀሰች። የእኔን ሸረሪት እንዲህ ትወዳት እንደነበር አላወቅሁም ነበር። አንገቷን አቀፍኋት።

«አታልቅሽ እማዬ። ሌላ እንይዛለን።»

«አዎ ልጄ» አለች። «ሌላ እንይዛለን።» እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ካርኮቭ ሄጄ ሥነ ሕይወት ማጥናቴ ከዚያች ጠርሙስ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። በሦስተኛው ዓመት አንድ አሮጊት መምህርት የዘላይን ፊት ሰሌዳ ላይ ሣለች። ሁለት ትልልቅ ዓይን ከፊት፣ ስድስቱ በየቦታቸው። ቀጥላም ከመዝለሏ በፊት ክሯን እንደምታስር ነገረችን። በሩሲያኛ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን በእናቴ ድምፅ ሰማሁት። እናቴ፣ እስከ «መ» የቆጠረችው። ከየት? እስክሪብቶዬን ጥዬ ወደ ጣሪያው አንጋጠጥሁ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ደርግ ወድቆ ስመለስ ከየት እንዳወቀችው ጠየቅኋት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«አንቺ ነሽ እንዴ እስከ ዛሬ ያላወቅሽ?» አለችኝ። ከኮርኒሱ በላይ የነበረው ክንዱ ነው። ቀይ ሽብር ሲጀመር የሚፈለጉት ስም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ አባቴ ከሣጥን ጣውላ በሠራለት መኝታ ላይ፣ በቆርቆሮው ሐሩር ተኝቶ ከረመ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ በጓዳው ጥግ በመሰላል ምግብ ታቀብለው ነበር። «ያንቺን ጥያቄ ሳልነግረው ከዋልሁ አይበላልኝም» አለች። ጎርጎራ እንደደረሰ ጠርሙሱን ባዶውን እንዲልክ ነበር ውላቸው። ከጎርጎራ ወዲያ ያለውን አናውቅም። ሱዳን ገባ ያሉ አሉ፤ መንገድ ላይ ቀረ ያሉም አሉ።

«አለበልስ?» አልኋት። «አውቆ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! እሱ ከልቡ ነው የደነገጠ። እግዜር ነው የጣለበት። አውቆ የሚያድን ቢሆን የየብርጓልን ልጅ ይወስድ ነበር?»

ነገሩ ግን አላስቀምጥ አለኝ። አውቆ ከሆነ ለእኛ ብቻ ለምን? ሳያውቅ ከሆነ በዚያ ሁሉ ኮርኒስ ላይ ጣውላ የሌለበትን ጥግ ምን አስመረጠው? አገሬ ገብቼ ሥራ ከመፈለጌ በፊት እሱን ፈለግሁ። ታስሮ ተፈትቷል፤ ሐይቁ ዳር ለዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናል አሉኝ። ቦታውን ያሳየኝ ልጅ ከሩቅ «ሸረሪቱ! እንግዳ!» ብሎ ተጣራ። ልጁ ያኔ አልተወለደም።

ከደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መረብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ጸጉሩ ሸብቷል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ አለበል። እሌኒ ነኝ፣ የሙሉነሽ ልጅ።»

«አውቄሻለሁ» አለ፣ ሳያየኝ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጥሁ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ሁሉ ጠፋብኝ። እሱ መርፌውን ሲያሾልክ ከመረቡ ቋጠሮ አንዲት ሸረሪት ወጣች፤ ትንሽ፣ ግራጫ። አውራ ጣቱ ላይ ወጥታ ቆመች። አላራገፋትም። እጁን ቀስ ብሎ አገላበጠላት፤ በመዳፉ አለፈች፣ በእጅ አንጓው ዞረች። ከዚያ ጣቱን ወደ ደንገሉ ዘርግቶ ጠበቃትና ስትዘል አያት።

እኔም አየሁ።

«የእትዬ የብርጓልን ልጅስ?» አልሁት በመጨረሻ።

መርፌው እጁ ላይ ቆመ።

«እዚያ ቤት ሸረሪት አልነበረም» አለ።

ተነሣሁ። ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ ጠራኝ።

«እሌኒ። ክንዱ ደረሰ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ማንም እንዳልነገረው ያን ጊዜ ገባኝ። ማንስ ይነግረዋል።

«ጎርጎራ ደርሷል» አልሁት። «ጠርሙሱ ባዶውን ተመልሷል።»

«ባዶውን» አለ። ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ፊቱን አላየሁትም። «እንግዲያስ ለቋታል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። እኔ ከደንገሉ እይዝለታለሁ፤ እሱ ዓይኗን ቆጥሮ ይለቃታል።»